ከባሕር ዳር ደቅ ደርሶ መልስ፦ ጀልባ ላይ የዋለው ሃካቶናችን

ነገሩ የመጣው ከባቡር ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የኮምፒውተር ልጆች ባቡር ተሳፍረው፣ ባቡሩ እየተጓዘ፣ ስለ ባቡር ተሳፋሪ ችግር ኮድ ሲጽፉ እንደነበር አነበብኩ። ሃካቶን የሚሉት ይሄን ነው፦ ተሰብስቦ በአጭር ጊዜ ለአንድ ችግር መፍትሔ የሚሆን ሶፍትዌር መሥራት። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2010 አሜሪካ ውስጥ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ኦስተን በሚገባ አውቶብስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። አንብቤ ስጨርስ ቀናሁ። ባሕር ዳር ባቡር የለም። ማታ ለጓደኞቼ ሳወራቸው አንዷ "ባቡር ባይኖር ጀልባ አለ አይደል?" አለች። ለአፍታ ዝም አልን። ከዚያ ሁላችንም እኩል ማውራት ጀመርን።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ 22 ሆነን ጀልባ ተከራየን። ከባሕር ዳር ደቅ ደሴት ሄድን፣ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስንሠራ ዋልን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ "እንዴት አደረጋችሁት?" እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ጀልባ?

እስከ ዛሬ የገባሁባቸው ሃካቶኖች በሙሉ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ፕሮጀክተር አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ፣ ከመድረኩ ጀርባ ባነር ተሰቅሏል። ስለ ገበሬ አፕ እንሠራለን፤ ገበሬ የለም። ስለ ዓሣ አስጋሪ እንሠራለን፤ ዓሣ አስጋሪው በባጃጅ አሥር ደቂቃ ርቆ ሐይቁ ዳር መረቡን እየጠገነ ነው፣ የጠራው ግን የለም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥተን የሠራነው በሦስተኛው ቀን ይረሳል። ይሄ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ውስጥ ያሉትን ተማሪዎች አውቃቸዋለሁ፣ ስጧቸው እንጂ ሠርተው ያሳያሉ። የሚጎድለው ጥያቄው ነው። ጥያቄውን ከራሳችን ጭንቅላት እያመጣን ለራሳችን እንመልሳለን።

ቦታ ደግሞ ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ሃካቶን የሚለው ቃል የወጣው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 ነው ይባላል፤ ኦፕንቢኤስዲ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የሚሠሩ አሥር ፕሮግራመሮች ካናዳ ካልጋሪ ተሰብስበው የምስጠራ ኮድ ሲጽፉ። ካናዳ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ የምስጠራ ሶፍትዌር ወደ ውጭ መላክን ያጠብቅ ስለነበር ሥራው ከአሜሪካ ውጭ መሠራት ነበረበት። ቦታው ከመጀመሪያውም የሥራው አካል ነበር ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እዚህ የነበረ ሰው ኢንተርኔት የሌለበት ቀን ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ያኔ ነው አብዛኛው የሠራሁት ነገር ያለ ኔት አንድ ደቂቃም እንደማይቆም ያየሁት። ሐይቁ መሀል ኔትወርክ የለም። እዚያ የሚሠራ ነገር የትም ይሠራል።

መንገዱን መምረጥ ከጠበቅነው በላይ አከራከረን። ጎርጎራ አምሮን ነበር፤ ግን ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የማይታሰብ ነው። የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ቅርብ ነው፣ ሴት ግን አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ። ከ22ታችን 9ኙ ሴቶች ነን፤ ግማሹ ወርዶ ግማሹ ጀልባ ላይ የሚጠብቅበት ጉዞ እንዲሆን አልፈለግንም። ስለዚህ በዘጌ በኩል አድርገን ደቅ፣ ናርጋ ሥላሴ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሁላችንም እንገባለን።

ሰዓቱን የወሰነልን ንፋሱ ነው። ጣና ጠዋት መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ሆኖ ጀልባን እንደ ወተት የሚንጠው። እና ፕሮግራሙን እንዲህ አወጣነው፦ ጠዋት ቁጭ ብሎ መጻፍ፣ ቀትር ላይ ደሴቱ ላይ እረፍት፣ ከሰዓት በኋላ የተሠራውን መሞከርና ማውራት። ማዕበል ላይ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ያጥወለውለዋል፤ ዓይን "አልተንቀሳቀስኩም" ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል "ተንቀሳቅሰሃል" ይላል፣ ሆድ መሀል ቤት ይሰቃያል። ዝንጅብልና ሎሚ ይዘን ነበር። ከሁሉ የጠቀመው ግን ቀና ብሎ ራቅ ያለውን ዳርቻ ማየት፣ እንዲሁም ብዙ የማይናጠው የጀልባው መሀል ላይ መቀመጥ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ ብዙዎች የምትጠይቁኝ ስለሱ ነው።

ሁለት የሶላር ባትሪ ተዋስን፣ እያንዳንዳቸው ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት። በወረቀት 4,800 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ይጎዳል፣ ስለዚህ 2,400 በሉት። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተርም የራሱን ይበላል፤ 2,000 ቢተርፍ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ 45 ወይም 65 ዋት የሚል ተጽፎ ታያላችሁ፣ 11 ላፕቶፕ በ45 ለ7 ሰዓት ስናባዛው ወደ 3,500 ሆነና ደነገጥን። ከዚያ አንዱ ልጅ መለኪያ አምጥቶ እያንዳንዱን ሲለካ፣ ባትሪው ሞልቶ ኮድ ብቻ የሚጻፍበት ላፕቶፕ ብርሃኑ ሲቀነስ ከ20 እስከ 25 ዋት ነው የሚወስደው። ተነፈስን። ለሁለት ሰው አንድ ላፕቶፕ፣ ሁሉም ከቤቱ ሞልቶ ይምጣ፣ ብርሃን ግማሽ። በቃ። ሌላ ሕግ አላወጣንም፣ ያም ሆኖ ዘጌ ሳንደርስ አንድ ልጅ ውሃ ማፍያ ሰክቶ ኢንቨርተሩ ጸጥ አለ። ማከፋፈያው ላይ "ላፕቶፕ ብቻ" ብሎ መጻፍ የኔ ሥራ ነበር፣ አልጻፍኩም ነበር። እናንተ ጻፉ።

ባትሪዎቹ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። እኛ በር አጠገብ ልናስቀምጣቸው ስንል ካፒቴኑ "ልጆች፣ እዚያ አይሆንም" ብለው መሀል ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አስቀመጡልን። ከዚያ ራሳቸው በገመድ አሰሯቸው። ገና ጠዋት 12 ሰዓት ነበር፣ የቀኑን የመጀመሪያ ትምህርት ያገኘነው ያኔ ነው።

ለኔት ፈንታ አንድ ተራ ራውተርና አንዲት ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር። ፓይዋ ላይ ኪዊክስ የሚባለውን፣ የወረደ ድረ ገጽ ያለ ኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ጭነን ዊኪፔዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ከፈትን። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መመሪያዎች፣ የሚያስፈልጉ ፓኬጆች፣ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ ካርታ የወረደ የጣና አካባቢ ካርታ፣ ለኮድ መለዋወጫ የጊት ሰርቨር። ማውረዱ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ግን ዘጌን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ስልኮቹ ሁሉ አንድ ባንድ ኔትወርክ ሲጥሉ ጀልባው ውስጥ ሥራ ያቆመ ሰው አልነበረም። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

ዘጌ ላይ የቆምነው ለግማሽ ሰዓት ያህል ለቡና ነው። የዘጌ ቡና በጫካው ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፣ እዚያው ተቆልቶ እዚያው ሲጠጣ ሌላ ነው። ጀልባ ላይ ከሰል ማንደድ ስለማይቻል ለመንገድ በፔርሙዝ ሞላንና ተነሳን። ከዳርቻው አንድ ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዝፍ አለፈን። ከደንገል የተሠራ ታንኳ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ግማሽ ጎኑ ውሃ ውስጥ የገባ። ካፒቴኑ ማዕበላችን እንዳይመታው ሞተሩን ቀነሱለት።

እኔ አዘጋጅ ብቻ እንድሆን ነበር ሐሳቡ፣ አንድ ቡድን ሰው ስለጎደለበት ገባሁ። የኛ ቡድን ሥራ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ ስንት ሕዝብ በእጁ እየነቀለ እንደወጣ የምናውቀው ነው። እኛ የፈለግነው ቀላል ነገር ነው፦ ማንኛውም ጀልባ ላይ ያለ ሰው ፎቶ ሲያነሳ ስልኩ ቦታውንና ቀኑን አብሮ እንዲያስቀምጥ፣ ኔት ሲያገኝ ራሱ እንዲልክ። ጂፒኤስ ከሳተላይት በቀጥታ ስለሚቀበል ኔትወርክ አይፈልግም። ሆኖም ኔትወርክ ከሌለ የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ኔት ሲኖር ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ አስቀድሞ የሚነግረው ስላለ ነው የሚፈጥነው። ይሄን አናውቅም ነበር። ስልኩን ይዘን ሰማይ እያየን ቆመን ጠበቅን፣ እና "ቦታ እየፈለገ ነው፣ ሰማይ በሚታይበት ይያዙት" የሚል ጽሑፍ ጨመርን።

አፑ ሠራ። እምቦጩ ግን አልነበረም። ካፒቴኑን ስንጠይቃቸው "እናንተ የምትፈልጉት በፎገራና በደንቢያ በኩል ነው፣ በዚህ መንገድ ምኑን ታገኙታላችሁ?" አሉን። ልክ ናቸው። አረሙ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ለመንገዱ ስንጨነቅ የራሳችን ጥያቄ ያለበትን ዳርቻ አላሰብነውም። በጣም ነው ያንገበገበኝ፣ ምክንያቱም ከመነሳታችን በፊት እሳቸውን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ መልሱን አገኘው ነበር። ሥራው አልተጣለም፤ በዚያ በኩል ያሉ ሰዎች ጋ እንልከዋለን።

አሁን ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝን ቡድን ላውራ።

አራት ልጆች ናቸው፣ ሦስቱ ተማሪዎች። የመጡት የጉብኝት መመዝገቢያ አፕ ለመሥራት ነበር። የሚያምር ዲዛይን ይዘዋል። ዘጌ ላይ ቡና ስንጠጣ ከመካከላቸው አንዷ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከካፒቴኑ አጠገብ ተቀምጣ "ጋሼ፣ ሥራዎ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። ስለ ቱሪስት የሚያወሩ መስሏት ነበር።

"ሞተር ሲቆም ነው እታለም" አሏት። "ስልክ በማይሠራበት ቦታ ሞተር ከቆመብሽ ሌላ ጀልባ እስኪያይሽ ትጠብቂያለሽ። ወይ ያይሻል፣ ወይ ያልፍሻል።" አንድ ጊዜ ከቀትር በኋላ ቆሞባቸው፣ ሰው ጭነው፣ ሊመሽ ሲል ድረስ ነጠላ ሲያውለበልቡ እንደዋሉ ነገሯት። ነጠላው የአንዲት ተሳፋሪ እናት ነበር።

ልጅቷ ተመልሳ ለቡድኑ ስትነግራቸው አጠገባቸው ነበርኩ። አንዱ ልጅ ቦርሳውን ከፈተና ለመመረቂያ ሥራው የገዛቸውን ሁለት የሎራ ሰሌዳዎች፣ ማለትም ትንንሽ የሬድዮ መላኪያና መቀበያዎች አወጣ። ሎራ ማለት በጣም ትንሽ መልእክት፣ በጣም ትንሽ ኃይል፣ ረጅም ርቀት ማለት ነው። ድምፅ አይልክም፣ ፎቶ አይልክም፤ ጥቂት ፊደላት ግን ኪሎ ሜትሮች ያሻግራል፣ ሲም ካርድም ማማም አይፈልግም። የጉብኝቱ አፕ እዚያው ተዘጋ።

ከዘጌ እስከ ደቅ ባለው መንገድ ላይ ያየሁትን ያህል ሥራ በሁለት ቀን የአዳራሽ ሃካቶን አይቼ አላውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ካፒቴኑ እዚያው ናቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ስልክ ላይ የሚነካ ቁልፍ ሠርተው ወሰዱላቸው። እጃቸውን ዘረጉ። እርጥብ ነው፣ ናፍጣም ነክቶታል። ስክሪኑ እንቢ አለ። ተመልሰው ሦስት እውነተኛ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ግድግዳ ላይ የምናውቃቸውን ዓይነት፣ በአንድ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ክዳን ላይ ገጠሙ፦ "ሞተር ቆሟል"፣ "ንፋስ ተነስቷል"፣ "ሰው ታሟል"። መሪውን ሳይለቁ በክርናቸው ሲጫኑት አየሁ።

ቀጥሎ ቦታው። ልጆቹ ኬክሮስና ኬንትሮሱን በቁጥር አሳዩዋቸው። ካፒቴኑ ለረጅም ጊዜ አዩትና "ይሄ ለናንተ ነው። ለኔ ከደቅ በየት በኩል እንደሆነ በሉኝ" አሉ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው፣ ካፒቴኑ እየነዱ፣ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ ልጅቷ እየጻፈች፣ የቦታ ስም አወጡ። ክብራን፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ዳጋ ብቻ አይደለም፤ ጀልባ ነጂዎች እርስ በርስ የሚጠሯቸው፣ ካርታችን ላይ የሌሉ የዳርቻ ስሞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ "ሞተር ቆሟል፣ ከዘጌ ወዲህ፣ ከክብራን ወዲያ" ብሎ ነበር የሚጽፈው። ካፒቴኑ ሲያነቡት ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄን ማንም ጀልባ ነጂ ይገባዋል" አሉ። በኮምፒውተር ሥራ ስቆይ ብዙ ነገር ሲያልቅ አይቻለሁ፤ የተሠራለት ሰው አጠገቤ ሆኖ ሲያነበው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ናርጋ ላይ ወርደን ሥላሴን አየን፣ ዛፍ ሥር በሶና ዳቦ በላን። ልጆቹ አልበሉም ማለት ይቻላል። አንዱን ሳጥን ከፓወር ባንክ ጋር በፌስታል ጠቅልለው፣ ደሴቱ ላይ ጀልባ የሚያስር አንድ ልጅ "እኔ እጠብቅላችኋለሁ" ስላላቸው፣ ጀልባ መቆሚያው ላይ ካለ ግንድ ጋር አሰሩት። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ቁጥር ይልካል። 1፣ 2፣ 3። ሁለተኛው ሳጥን ከኛ ጋር ነው። ቁጥሩ እስከሚጠፋ ድረስ ምን ያህል እንርቃለን?

ከቀኑ 7 ሰዓት ተነሳን። ንፋሱ ጀምሯል። ሌላው ቡድን ሁሉ ሥራውን ትቶ ትንሿን ስክሪን ከበባት። 90። 120። 150። ደቅ ወደ ኋላ እየሳሳች ሄደች። 212 ላይ ቆመ። 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀናል። ጠበቅን። 212 እንደሆነ ቀረ። አንዱ "ጥሩ ነው፣ 7 ኪሎ ሜትርም ቀላል አይደለም" አለ፣ ድምፁ ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

በዚህ መሀል የካፒቴኑ ረዳት፣ ጠዋት ጀምሮ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ የዋለው ወጣት፣ "ደቅ ላይ ያለውን ዛፍ ከዚህ ቁጭ ብዬ አላየውም፣ ጣራው ላይ ስወጣ ግን አየዋለሁ። የናንተም ነገር እንደ ዓይን ከሆነ ለምን ከፍ አታደርጉትም?" አለ። ምድር ክብ ናት፣ ሐይቁም አብሮ ይጎብጣል፤ በሬድዮ ሥራ ላይ የአንቴና ከፍታ የሚሰላው ለዚህ ነው። ተማሪዎቹ በክፍል ተምረውታል፣ እኔም ተምሬዋለሁ። ያስታወሰን ግን እሱ ነው። ጀልባ መግፊያውን ረጅሙን ዘንግ አምጥቶ ሰሌዳውን ከነፓወር ባንኩ ጫፉ ላይ በፕላስተር ጠመጠመው። አቆመው። ስክሪኑ ወደ ላይ ስለሄደ ቁጥሩን ሰሌዳው በሚያወጣው ዋይፋይ በስልክ ነበር የምናየው።

ባዶ ነው። ባዶ። ከዚያ 231።

ጀልባው በጩኸት ተሞላ። ካፒቴኑ ዞር ብለው "ምንድን ነው? ሰው ወደቀ?" ብለው ደንግጠው ነበር። ቁጥሩ 340 እስኪያልፍ ድረስ አልጠፋም፣ ረዳቱም ዘንጉን ለማንም አልሰጠም።

ዳኛ አላስቀመጥንም። ባሕር ዳር 10 ሰዓት ላይ ስንደርስ ካፒቴኑንና ረዳቱን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅናቸው፦ ከዛሬዎቹ ሥራዎች ነገ ጠዋት ጀልባው ላይ የሚፈልጉት የትኛውን ነው? ሽልማቱ አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ነበር። ልጆቹ ግማሹን ለረዳቱ ሰጡት።

የተቀሩትን ሥራዎች በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ በተለይ ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልገውን የአማርኛ መፈለጊያ። የሎራው ቡድን አሁን ውሃ የማያስገባ ሳጥን እየፈለገ ነው፣ ሌሎች ሁለት ጀልባ ነጂዎችም እንሞክረው ብለዋል።

ደቅ ላይ የቀረው ሳጥን ሰኞ ዕለት በተሳፋሪ ጀልባ መጣልን። ፌስታሉ ላይ ሌላ ፌስታል ተጨምሮበታል፣ በሲባጎ በደንብ ታስሯል። ባትሪው ሞቷል። ውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር፣ በእስክሪብቶ፣ ትልልቅ ፊደል፦ "እስከ ስንት ሰማችሁት?"